ማተሚያ የለኝም፤ ውሉን እንዴት ልፈርም?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ውጭ አገር ካለ ድርጅት የትርጉም ሥራ አግኝቼ ውሉን በኢሜይል ላኩልኝ፤ ፈርመሽ መልሺ አሉኝ። ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ ፈርሜ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። አይነበብም፣ ድጋሚ ላኪ ብለው መለሱት። ኮፒ ቤቱ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ይዘጋል። ሳላሳትም የእጅ ፊርማዬን እዚያው ፋይሉ ላይ ማስገባት እችላለሁ? ያለኝ አንድሮይድ ስልክ ብቻ ነው። ሕጋዊስ ነው ወይ? ሌላም አለ። ዱባይ ያለው ወንድሜ ለኮንዶሚኒየሙ ጉዳይ ውክልና ሊሰጠኝ ይፈልጋል። ፊርማዬን በቴሌግራም ልላክልሽና ለጥፊው ይለኛል። ይሆናል?»

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያው ይሆናል፤ ከባድም አይደለም። የወንድምሽ ግን አይሆንም። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ፊርማውን እንዳይልክልሽ ንገሪው።

ስልክሽን ከመነካካትሽ በፊት የላኩልሽን ኢሜይል እንደገና አንብቢው። የመጣልሽ ፋይል ነው ወይስ ሊንክ? ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። እንደ ዶኪውሳይን ባለ አገልግሎት የተላከ ከሆነ ሊንኩን ትከፍቻለሽ፣ ምልክት የተደረገበትን ቦታ ትነኪያለሽ፣ ስምሽን ትጽፊያለሽ ወይም በጣትሽ ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ። አገልግሎቱ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ኢሜይል እንደፈረመ መዝግቦ ይይዛል። ያንን ትተሽ ፋይሉን አውርደሽ ፊርማ ለጥፈሽ ብትልኪ መዝገባቸውን ነው የምታበላሺባቸው። ደግሞ ተጠንቀቂ፤ የውል ሊንክ መስሎ የሚመጣ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ሞልቷል። ያልጠበቅሽው ውል ከመጣ፣ ወይም ሊንኩ የኢሜይልሽን የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ ተይው።

ከአነጋገርሽ ግን የመጣልሽ ተራ ፒዲኤፍ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ አንድ አጭር መልስ ጻፊላቸው፦ «ፊርማዬን በስልክ ፒዲኤፉ ላይ ባስገባ ትቀበላላችሁ?» ይህቺ አንዲት መስመር ብዙ ምልልስ ታስቀራለች። አንዳንዱ ድርጅት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ካልተፈረመ አልቀበልም ይላል። ሌላው ደንታም የለው። የሚወስነው ተቀባዩ እንጂ የምትጠቀሚበት መተግበሪያ አይደለም።

እሺ ካሉሽ አዶቤ አክሮባት ሪደርን ከፕሌይ ስቶር አውርጂ። ነፃው ይበቃሻል፤ ክፈይ የሚል ገጽ ቢደቅንብሽ ዘግተሽው እለፊ። ፒዲኤፉን በሱ ክፈቺና «ፊል ኤንድ ሳይን» የሚለውን ፈልጊ። ፊርማ ፍጠሪ ሲልሽ በጣትሽ መሳል፣ ከስልክሽ ፎቶ ማምጣት ወይም እዚያው በካሜራ ማንሳት ትችያለሽ።

በጣት መፈረሙ ፈጣኑ ነው። ስልኩን አግድም አዙሪው፣ ቦታ ታገኛለሽ። ፊርማሽ የልጅ ጽሑፍ ይመስላል፤ ሰው ሁሉ በዚህ ያፍራል። እኔ ግን ለእንዲህ ዓይነት ውል እሱን ነው የምመርጠው። ምክንያቱም ባንክ ናሙናው ያለው ፊርማሽ ሌላ ነው። የጣት ፊርማሽ ከቼክና ከባንክ ቅጽ ጋር ካልተመሳሰለ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ያ ፒዲኤፍ ማንም እጅ ቢገባ የሚጎዳሽ በትንሹ ነው። አስቀያሚነቱ ለአንቺ ጥቅም ነው።

የለም፣ የራሴን ፊርማ ነው የምፈልገው ካልሽ ወረቀት ላይ ፈርመሽ ፎቶ ማንሳት አለብሽ። ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ወረቀቱ መስመር የሌለው ነጭ ይሁን። የደብተር ቅጠል አይሆንም፤ ሰማያዊዎቹ መስመሮች ከፊርማሽ ጋር ተያይዘው ይቀራሉ። ቀለሙ ጥቁር ይሁን። እዚህ አገር ቢሮ ሰማያዊ የሚወደደው ዋናው ከፎቶ ኮፒው እንዲለይ ነው፤ ስልክ ላይ ያ ምክንያት የለም። ቀጭን የሚጽፍ እስክሪብቶ አትጠቀሚ። መተግበሪያው ነጩን ወረቀት ሲያጠፋ ቀጭኑን መስመር አብሮ ይበላዋል፤ ፊርማሽ እዚህም እዚያም ይቆራረጣል። ወፍራም ጄል እስክሪብቶ ይሻላል። ከለመድሽው ተለቅ አድርገሽ፣ ወረቀቱ መሃል ላይ ፈርሚ። ትልቁን ማሳነስ ይቻላል፤ ትንሹን ስታጎዪው ግን ይደበዝዛል። ደግሞ አንዴ ፈርመሽ አትቁሚ። የመጀመሪያው ፊርማ ሁሌም ጭንቅ ጭንቅ ይላል። እጅሽ እስኪፈታ ደጋግሚና ጥሩውን ምረጪ።

ቀጥሎ ብርሃኑ ነው። ማታ አምፖል ሥር ስታነሺ የስልክሽና የእጅሽ ጥላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። በዓይንሽ ስታዪው ወረቀቱ ነጭ ነው። ውሉ ላይ ስታስቀምጪው ግን ፊርማሽን የከበበ ግራጫ ሳጥን ይወጣል፤ ከሩቅ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል። በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ አንሺው። ፍላሹን አጥፊ። ስልኩን ዘንበል ሳታደርጊ ልክ ከላይ ያዢው። የወረቀቱ ጠርዝ ፎቶው ውስጥ አይግባ።

አክሮባት ፎቶውን ሲቀበል ነጩን ራሱ ለመጣል ይሞክራል። ወረቀቱና ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ ይሳካለታል። ከዚያ ፊርማውን በመስመሩ ላይ አስቀምጪ፤ መጠኑን በጣትሽ አስተካክዪ። የሰው ፊርማ መስመሩን ትንሽ ይረግጣል፣ አንዳንዴ ስሙንም ይነካል። በጣም አስተካክለሽ መሃል ለመሃል ካስቀመጥሽው ማህተም ይመስላል።

ውሉ በወርድ ፋይል ከመጣና ኮምፒውተር ካገኘሽ የፊርማውን ፎቶ ኢንሰርት አድርጊ፣ ከዚያ ጽሑፉን እንዳይገፋው ከጽሑፉ ፊት ወይም ኋላ እንዲሆን አስተካክዪው። ነጩን ለማጥፋት ወርድ ራሱ መሣሪያ አለው፤ ግን የሚያጠፋው አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ ጥላ ካለበት ግራጫው ይቀራል። መጀመሪያ ብራይትነሱን ጨምሪ። ፊርማውን ብቻውን ማስቀመጥ ካስፈለገሽ ፒኤንጂ አድርገሽ እንጂ ጄፔግ አድርገሽ አይሁን፤ ጄፔግ ግልጽ የሆነ ጀርባ መያዝ አይችልም፣ ነጭ አድርጎ ይሞላዋል። አይፎን ያለው ሰው አጠገብሽ ካለ ምንም ማውረድ አያስፈልገውም፤ ፒዲኤፉን ከፍቶ ማርክአፕ ውስጥ ፊርማ ጨምር የሚል አለለት።

ፈርመሽ ስትጨርሺ አትላኪው፤ አንድ ሥራ ይቀርሻል። በአንዳንድ መተግበሪያ ፊርማው ገጹ ላይ ተለጥፎ እንጂ ተዋህዶ አይቀመጥም። ተቀባዩ ጋ ሲከፈት ላይታይ ይችላል፤ ወይም ማንም ጎትቶ ያነሳዋል። ስለዚህ «ፕሪንት» በዪና በማተሚያ ፋንታ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚለውን ምረጪ። አዲስ ፋይል ይወጣል፤ የሚላከው እሱ ነው። ይህ ፊርማሽን ከባለሙያ አያስጥልም፤ ከተራ እጅ ግን ይጠብቀዋል። አዲሱን ፋይል ከፍተሽ ሁሉንም ገጽ እይ። የጎደለ ገጽ የሚገኘው ሁልጊዜ ከተላከ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ለምን እንደተመለሰብሽ እገምታለሁ። ገጾቹን እንደ ተራ ፎቶ አንስተሽ ይሆናል። በቴሌግራም ተቀባብለሽው ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኪው ጨፍልቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። እንደ ፋይል ከላክሽው ግን እንዳለ ነው የሚሄደው። የግድ በእስክሪብቶ የተፈረመው ይምጣ ካሉሽም ፎቶ አታንሺ። ጎግል ድራይቭ ውስጥ ስካን የሚል አለ። ገጹን አቅንቶ፣ ጠርዙን ቆርጦ፣ ሁሉንም ገጽ አንድ ፒዲኤፍ ያደርግልሻል።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ፦ ቀኑ። ውጭ ያለ ሰው የሚያነበው ውል ላይ የእኛን ቀን እንዳትጽፊ። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ብለሽ በቁጥር 1/1/2018 ብትጽፊ እነሱ የሚያነቡት ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ነው። ትክክለኛው ግን በእነሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። ውሉ ከሰባት ዓመት በፊት የተፈረመ ይመስላል። በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፊ፤ ወሩንም በፊደል ጻፊው። አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ስለሚያስቀድሙ 5/6 ማለት ለአንዱ ሜይ ለሌላው ጁን ይሆናል። ስምሽንም ፓስፖርትሽ ላይ ባለው ፊደል ጻፊ። ፊርማሽ ግን የራስሽ ምልክት እስከሆነ ድረስ በአማርኛ ፊደል ቢሆንም ግድ የለም። በላቲን ይሁን የሚል ሰው ካጋጠመሽ ስለ ስሙ አጻጻፍ እንጂ ስለ ፊርማው አይደለም የሚያወራው።

ወደ ኮፒ ቤቱ ልመለስ። መብራት ሲመጣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ልፈርም ብለሽ እንዳትቸኩዪ። የትኛውም ኮፒ ቤት ገብተሽ የማውረጃውን ፎልደር ክፈቺ። የሰው መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ኪራይ ውል ተደርድሮ ታገኛለሽ። ሲቪው ከነፎቶው። አንዳንዱ ቴሌግራሙን ሳይዘጋ ሄዷል፤ መልእክት ሲገባለት ይታያል። ባለቤቱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚያጸዳው የለም እንጂ። ፊርማሽን ብቻውን ፒኤንጂ አድርገሽ እዚያ ትተሽ መምጣት ቲተርና ማህተምን ቢሮ በር ላይ አንጠልጥሎ ወደ ቤት እንደመሄድ ነው። የግድ እዚያ ማተም ካለብሽ የተጠናቀቀውን ፒዲኤፍ ብቻ ይዘሽ ሂጂ። ስትወጪ ፋይሉን ሰርዢ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጊ፣ ቴሌግራምሽንና ኢሜይልሽንም ሎግ አውት አድርጊ። ስልክሽ ላይ በቴሌግራሙ «ሴቲንግ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ብትከፍቺ ቴሌግራምሽ የት የት ክፍት እንደሆነ ያሳይሻል፤ ከዚያው መዝጋት ትችያለሽ።

በዚሁ መንፈስ «ፊርማ በነፃ እዚህ አስገባ» የሚሉ ድረ ገጾችን ብትተያቸው ደስ ይለኛል። ውሉን እነሱ ሰርቨር ላይ ነው የምትጭኚው። ውስጡ የፓስፖርት ቁጥርሽና የባንክ ሂሳብሽ አለ። የታወቀ ስም ሁሉ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ካምስካነር በሚባለው የሰነድ ስካን መተግበሪያ ውስጥ በማስታወቂያው በኩል የገባ ጎጂ ኮድ አግኝቶ፣ ጎግል መተግበሪያውን ለጊዜው ከፕሌይ ስቶር አንስቶት ነበር። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ያለው እሱ ነው።

ሕጋዊ ነው ወይ ላልሽው፣ ነው። ግን ምኑ ሕጋዊ እንደሆነ እንለይ። እኛ ጋ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ተከትሎታል። ፊርማው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረትም ኢ-አይዳስ በሚባለው ደንቡ ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። የአንቺ ውል በየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛ ራሱ ውሉ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ተጽፏል። አንብቢው። ቅጥር ከሆነና በእኛ ሕግ የሚታይ ከሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በመርህ ደረጃ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል።

ያም ሆኖ የፊርማ ፎቶ ራሱ ብዙ አያስረዳም። ማንም ቆርጦ ሊለጥፈው ይችላል። ነገ ክርክር ቢነሳ አንቺን የሚይዝሽ ወይም የሚያድንሽ በዙሪያው ያለው ነው፦ ከራስሽ ኢሜይል መላኩ፣ መልሳቸው፣ ሥራውን መጀመርሽ፣ ክፍያው። ስለዚህ የኢሜይሉን ምልልስ እንዳታጠፊ።

ዲጂታል ፊርማ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ምስል የለውም፣ ቢኖረውም ለጌጥ ነው። ከሰነዱ ጽሑፍ በሒሳብ አጭር አሻራ ይወጣል፤ ያ አሻራ በፈራሚው ሚስጥራዊ ቁልፍ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትቀየር ፊርማው አይሠራም፤ ፒዲኤፉን ፊርማ በሚያረጋግጥ መተግበሪያ የሚከፍተው ሰው ይነገረዋል። ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው የምስክር ወረቀት ሰጪ አካል ነው። በእኛ አዋጅ የእነዚህ ሰጪዎች የበላይ ኢንሳ፣ ማለትም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋሙ ነው። ከእጅ ፊርማ እኩል የሚቆመው በዚህ ዓይነት የምስክር ወረቀት የተደገፈው ነው። ለአንቺ የትርጉም ውል ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ወንድምሽ። እሱ ቢፈቅድም፣ ቤተሰብም ብትሆኑ፣ ፊርማውን አንቺ ለጥፈሽ ውክልና ሠራሽ ማለት ያልፈረመውን ሰነድ እንደፈረመ አድርገሽ አቀረብሽ ማለት ነው። በወንጀል ሕጉ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ውስጥ ሊያስገባሽ ይችላል። ማንም አይቶ ባይጠይቅሽ እንኳ ወረቀቱ አይሠራም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት (ቁጥር 1723)። ውክልናውም ሊሠራበት የታሰበውን ውል ፎርም ይከተላል። ሰነዶችን ስለማረጋገጥና ስለመመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 922/2008ም ውክልናን መረጋገጥ ካለባቸው ሰነዶች ውስጥ ያስቀምጠዋል። ውልና ማስረጃ ደግሞ ሰውየው ፊቱ ሳይቆም አያረጋግጥም። ወንድምሽ እዚህ የለም።

ስለዚህ የሚሄደው ዱባይ ወዳለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ነው። ፓስፖርቱን ይዞ ይቀርባል፣ እዚያው ፊታቸው ይፈርማል፣ እነሱ ያረጋግጡለታል። ዋናውን ወረቀት ይልክልሻል፤ ፎቶውን አይደለም። አንቺ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስደሽ ታረጋግጪና ከዚያ ወደ ውልና ማስረጃ ትሄጃለሽ።

ከመሄዱ በፊት ግን የውክልናውን ጽሑፍ እዚህ አዘጋጂና የሚያውቅ ሰው ያየው። ብዙ ሰው «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼሻለሁ» ብሎ ይጽፍና ኋላ ይቸገራል። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ በሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ እንድትሸጪ ከፈለገ «መሸጥ» የሚለው ቃል እዚያ ወረቀት ላይ ቃል በቃል መኖር አለበት። እንድታከራዪና ቅጾች እንድትፈርሚ ብቻ ከፈለገ ደግሞ እሱን ብቻ ይጻፍ፤ የማያስፈልግሽን ሥልጣን አትቀበዪ። የቤቱ ውል ላይ ያለው ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ያረጋግጥ። የአባት ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትለይ መስኮቱ ላይ ይመልሱሻል፤ እሱም እንደገና ፈቃድ ጠይቆ ቆንስላ ሊሰለፍ ነው።